የሊቀመንበሩ ዝምተኛ ጎማ

ጡረታ ከወጣ ሰው አንዱ ንብ ያረባል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ያዝላል፣ አንዱ ደግሞ የአፓርታማ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ይሆናል። ለእኛ ሰው የደረሰው ሦስተኛው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፈተና አዳራሾች ውስጥ፣ በወንበሮች መሃል እየተንጎራደደ «ጸጥታ!» ሲል የኖረ ፈታኝ ነበርና፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲያስረክቡት ሌላ የፈተና አዳራሽ የሰጡት መሰለው። በሥራ ዘመኑ ሁለት ደቂቃ ያረፈደን ተማሪ ከበር መልሶ ያውቃል። ይህንንም እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት ያወራል። ተማሪው በኋላ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን ወሬ ይቀይራል።

ነዋሪዎቹ ፊት ለፊት «ሊቀመንበር» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ጋሽ ዝምታ»። ኮሚቴው በወረቀት ላይ ሦስት አባላት አሉት። ሁለቱ ስብሰባ መምጣት ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ ይወሰናል። ደረጃ ላይ ተረከዝ ያለው ጫማ ክልክል ነው። ጁስ መፍጫ ከምሳ በኋላ አይነሳም። የሁለተኛ ፎቁ ሕፃን ጥርስ እያወጣ ሲያለቅስ ወላጆቹ መስኮት ዘግተው ያባብሉት ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው የገዛ ልጁ ነገር ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ትራምፔት ትነፋለች። እሱ «ጥሩንባ» ነው የሚለው፣ ለዚያውም ፊቱን አጨማዶ። ልጅቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ በካፖርቶች መሃል ተቀምጣ፣ የአባቷን አሮጌ ጥቁር ካልሲ የትራምፔቱ አፍ ላይ ጠቅጥቃ ነበር የምትለማመደው። እንደዚያም ሆኖ ከሊቀመንበሩ ጆሮ አላመለጠችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን በክፍሏ በር ሥር ደብዳቤ ሾልኮ ገባ። የኮሚቴው ማኅተም አርፎበታል። «ጉዳዩ፦ የጥሩንባ ድምፅ ስለመቀነስ» ይላል። «ከነዋሪዎች በቀረበ ተደጋጋሚ አቤቱታ መሠረት» ይላል። ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለእናቷ» ይላል። እናቷ ግልባጩን ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ፈርማ ተቀበለች። ባሏ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቶ ሽንኩርቱ ነው ብሎ አለፈ። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚለው ሦስተኛው ደብዳቤ ሲደርሳት ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ወጣች፤ ሩቅ ከተማ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ፤ ለእናቷ ትደውላለች፣ ለእሱ አንድም ቀን ደውላ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ ጉዳዬም አይደለም ይላል። ሚስቱ ግን ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ አንገቱን በካፖርቶቹ መሃል አስገብቶ ዝም ብሎ ሲቆም ሁለት ጊዜ ደርሳበታለች። «ብል በልቶት እንደሆነ እያየሁ ነው» አላት። እሷም እንዳመነች ሆና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ታዲያ አንድ ቀን ከልጅቷ ፖስታ መጣ። ውስጡ ሁለት የኮንሰርት መግቢያ ወረቀት አለ፤ አንዱ ላይ «ለእማዬ»፣ ሌላው ላይ «ለሊቀመንበሩ» ተጽፏል። አብራ አጭር ማስታወሻ ልካለች። «የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው የምነፋው። ስድስት ደቂቃ ነው። ለስድስት ደቂቃ ካልመጣ ሁለተኛ አልጠራውም።»

ሊቀመንበሩ ማስታወሻውን ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የመግቢያውን ወረቀት ገልብጦ ጀርባውን አየ። «በሩ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያረፈደ አይገባም» ይላል።

«እንዲህ ነው ሥርዓት ማለት!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ጥሩ ቦታ ነው የገባችው።»

የሚስቱ ልብ በደስታ ዘለለ። ሰውዬው «አልሄድም» አላለማ!

ደስታውን የሚገልጽበት መንገድ ግን የራሱ ነው። የልጁ ከተማ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሰው ለእንዲህ ያለ ጉዞ ስጦታ ይገዛል፣ ልብስ ይገዛል። እሱ ጎማ ገዛ። ተራ ጎማ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፅ የሚቀንስ ጎማ ነው። ሻጩ ለናሙና የተቆረጠ አሳየው፤ በውስጡ ዙሪያውን ግራጫ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። የመንገዱን ጩኸት ስፖንጁ ውጦ ያስቀረዋል ተባለ። ሊቀመንበሩ ስፖንጁን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። በሕይወቱ ሙሉ ሰውን ለምኖ፣ አስፈራርቶ፣ በደብዳቤ አስጠንቅቆ ያላገኘውን ነገር አንድ ስፖንጅ በዝምታ ይሠራዋል!

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ አበሳዋን አየች። መጠባበቂያ ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይንኳኳሉ ብሎ አውጥቶ ደረጃ ሥር አስቀመጣቸው። «ጎማ ቢተነፍስስ?» ሚስቱ ስትለው ሻጩ የሰጠውን ጠርሙስ አሳያት፤ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው አላት። ቀበቶ ሲረሳ የምትጮኸውን፣ በር ሲከፈት የምትጮኸውን፣ የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የምትጮኸውን ደወል ሁሉ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስቆረጠ።

«ጋሼ፣ የጎማው ድምፅ ከተቆረጠ የማስጠንቀቂያ መብራቱም አብሮ ይጠፋል» አለው ሠራተኛው።

«ይጥፋ!» አለ ሊቀመንበሩ።

በቀጠሮው ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። ቀስ ብለው ቢነዱ እንኳ ሰባት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ሊቀመንበሩ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ስልኩን ከፊት መስታወቱ ሥር አቁሞ የድምፅ መጠን የሚለካ ነገር ከፍቶበታል። ከከተማ ወጥተው ፍጥነት ሲጨምሩ ቁጥሩ ስድሳ ስድስት ላይ ቆመ።

«ስድሳ ስድስት!» አለ በሹክሹክታ። «ድሮ ሰባ ነበር። እንግዲህ ነዳጅ እስክንቀዳ ድረስ አንናገርም።»

«ለምን?»

«ዝምታውን እንድንሰማው።»

ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ከዚህ የባሰም አይታለች። ከልጇ ጋር ስትገናኝ የምትላትን ነገር በሆዷ እያወጣች እያወረደች መንገዱን ታይ ጀመር። አምስት ሰዓት አካባቢ ግን ከበስተኋላ፣ በእሷ በኩል፣ አንድ ነገር ሰማች። ለስለስ ያለ ነው። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። ድሮ በነበረው ጎማ ቢሆን ኖሮ ገና ሲጀምር ይጮህ ነበር፤ አሁን ግን ስፖንጁ አፍኖት አንሶላ የሚያራግፉ ይመስላል።

እጇን አነሣች። ልክ እንደ ተማሪ።

ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ፤ አይቻልም ማለቱ ነው።

እንደገና አነሣች። እሱም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና «ጎማው» ከማለቷ «እሽሽሽ!» ብሎ አቋረጣት፤ ወደ ስልኩም ጠቆማት። ቁጥሩ ሰባ ሁለት ደርሷል። «አየሽ? ያንቺ አፍ ነው!»

ቆሽቷ አረረ። እንዲህ ከሆነስ ይበለው አለች በሆዷ፤ አፏንም ለጎመች። «ጠፍ ጠፍ» ይል የነበረው «ጠፋ ጠፋ» ወደሚል ተለወጠ፤ ቁጥሩ ሰባ አራት ደረሰ፣ ሊቀመንበሩም ሚስቱ በአፍንጫዋ ስለምትተነፍስ ነው ብሎ በክፉ ዓይን አያት። እሷም እልህ ይዟት ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም አለች። በኋላ ይህችን ሩብ ሰዓት እያሰበች ራሷን ስትረግም ኖራለች።

መኪናዋ ወደ ቀኝ መጎተት ስትጀምር ነው የቆመው። ወርዶ ቢያይ የኋላ ቀኝ ጎማ መሬት ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም።

«ሰምተሽ ነበር እንዴ?» አላት።

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ዝም በይ ስላልከኝ!» ጩኸቷ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ካለው ገደል ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ከልማዱ የተነሣ ወደ ስልኩ ዞር አለ፤ ግን ቁጥሩን ለማንበብ አልደፈረም።

ስኮርታው ደረጃ ሥር ነው። ክሪኩም እዚያው ነው። የቀረችው ጠርሙሷ ናት። ፈሳሹን በጎማው አፍ በኩል አስገባ፤ በመኪናዋ ኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ንፋስ መሙያ ነበረችውና እሷን አስነሣ። ትንሿ መሣሪያ ግን ጩኸቷ ጉድ ነው! ሊቀመንበሩ አስፋልት ዳር፣ ማንም በሌለበት ሜዳ፣ የሙሉ ልብሱን ኮት አውልቆ አለበሳት። ሚስቱ አየችው። መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታይ ጀመር።

ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። ፈሳሹ ቀዳዳውን ከማግኘቱ በፊት ስፖንጁ ጠጥቶታል። ስለዚህ እየሞሉ ትንሽ ይነዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሞላሉ፣ ደግሞ ይነዳሉ። በዚህ ዓይነት ስድስት ኪሎ ሜትር ተጉዘው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ገቡ። ጎሚስታ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ከሩቅ ይሰማል።

ጎሚስታው ደረተ ሰፊ፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰው ነው። ንፋስ ከሚሞላው ኮምፕረሰር ጋር ስለኖረ ሁሉን ነገር ጮሆ ነው የሚናገረው፤ ኮምፕረሰሩን ለማሸነፍ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሬዲዮኑን ለማሸነፍ ደግሞ ይዘፍናል። ሊቀመንበሩ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ተያዘ።

«ግቡ ጋሼ! ምን ሆኑ?» አለ ጎሚስታው፣ ሰው የሚሰድብ ይመስል።

«ጎማ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምን?»

«ጎማ!» አለች ሚስቱ ከኋላ። «ቶሎ አድርግልን የኔ ልጅ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጃችን ጋ መድረስ አለብን። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀረናል።»

ጎሚስታው ሰዓቱን አየና ሬዲዮኑን ዘጋ። ይህንን ያደረገው ለዝምታ ብሎ አይደለም፤ ለችኩል ሰው ሲሠራ አይዘፍንም። ጎማውን ፈታ፣ ንፋስ ሞላው፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ላስቲኩ ላይ ለጥፎ ቀስ እያለ አዞረው። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ጣቱንም አሳረፈ። ጎማውን የበሳው ሚስማር እዚያ ነበር። ሊቀመንበሩ ድምፅን ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው በሕይወቱ ያየ አይመስልም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ ግን ጎሚስታው ራሱ አፉን ከፈተ።

«ጋሼ! ጎማዎ ውስጥ ፍራሽ አለ!»

ስፖንጁ በፈሳሹ ረጥቦ፣ በተነፈሰ ጎማ ሲረገጥ ተበጣጥሶ፣ እዚህም እዚያም ተጠቅልሎ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል። ጎሚስታው እየዛቀ አወጣው። የተለጠፈበትን ማስቲሽ ፋቀ፣ ቀዳዳውን ከውስጥ በላስቲክ ደፈነ፣ ጎማውን መልሶ በቸርኬው ላይ ሊያስገባ አነሣው። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። አሁን ቢነሡ በደንብ ይደርሳሉ።

«ስፖንጁስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የቱ ስፖንጅ?»

«የወጣው ነዋ። መልሰህ ለጥፈው እንጂ።»

ጎሚስታው መሬት ላይ ያለውን እርጥብ ክምር አየ፤ ከዚያ ሊቀመንበሩን አየ። «ያለሱ ይሄዳል ጋሼ። ጎማ ነው። ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል እንጂ ምንም አይሆንም።»

«ትንሽ ድምፅ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ሦስቱ ዝም ብለው አንዱ ብቻ ሊጮህ ነው? እንዲህ ያለ ሥርዓት የት አለ? ለጥፍ!»

«ማስቲሹ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«በአርባ ደቂቃ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ እናደርገዋለን።»

ሚስቱ በመጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። እንደማይቀልድ ስታውቅ ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ በልጇ ስም ተማጸነችው። «ደርሰን እንተርፋለን» ይላል እሱ። በሆዱ ምን እንደነበረ ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ። ፈርቷል። ሁለት ዓመት ተኩል ያላናገረችውን ልጅ ፊት ለፊት ሊያይ ነው፤ ምን እንደሚላት አያውቅም። ቢያንስ መኪናው እንኳ የተስተካከለ ሆኖ ይድረስ ብሎ ነው። ሰው አንዳንዴ ዋናው ነገር ሲያስፈራው ስፖንጅ ላይ ሙጭጭ ይላል።

ጎሚስታው ትከሻውን ነቅንቆ ደህና ደህናውን ቁራጭ እየመረጠ ለጠፈ። ሊቀመንበሩ እኔ ራሴ ካልቀባሁ ብሎ እጁን እስከ አንጓው ጥቁር ማስቲሽ በማስቲሽ አደረገው። ጎማውን ግድግዳ አስደግፈው ፀሐይ ላይ አቆሙት። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ጎሚስታው ሊያስገባው ሲያነሣው ስፖንጁ ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን፣ ተላቅቆ መሬት ላይ ወደቀ።

ማንም አልተናገረም። ኮምፕረሰሩም በዚያች ቅጽበት ቆሞ ነበር፤ ሊቀመንበሩ በሕይወቱ ሙሉ የተመኘው ዓይነት ፍጹም ዝምታ ሰፈነ፣ እሱም መድረሻ አጣ።

«ያለሱ ግጠመው» አለ በመጨረሻ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። ቁጥሩ ስድሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ይህ ሁሉ መከራ ለሦስት ቁጥር ነው! ለሌላ ሰው የመኪና ድምፅ ነው፤ ለሊቀመንበሩ ግን ከበስተኋላ ሰው ጆሮው ሥር የሚያፏጭ ያህል ነው። ጥርሱን ነክሶ ነዳ። ሚስቱ እጇን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው፤ ቦርሳዋ ውስጥም ከተተችው።

«አሁን እናገራለሁ» አለችው፣ «አንተም ትሰማለህ። ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ ስትወጣ ልጅህ ትደውላለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትነፋልኛለች። መስኮት እከፍታለሁ። የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ወንበር አውጥተው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። የሁለተኛ ፎቁ ሕፃን ለቅሶውን ያቆማል። ‘ዛሬ ቆየች እኮ’ እያሉ በር የሚያንኳኩብኝ አሉ።»

«አቤቱታ ያቀረቡት እነሱ አይደሉም እንዴ?» ሊል ፈለገና ተወው። አቤቱታ ያቀረበ ሰው እንዳልነበረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ። ማመልከቻው የእሱ ነው፣ ውሳኔው የእሱ ነው፣ ፊርማው የእሱ ነው።

«ማንም ከስሷት አያውቅም» አለች ሚስቱ፣ ሐሳቡን የሰማችው ይመስል። «አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ የሚያሳብብበት ሽንኩርት አልነበረም። ሊቀመንበሩ ነዳጁን ረገጠ። ጎማው ጮኸ፣ እሱም የበለጠ ረገጠ።

ከአዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነበር።

በሩ ትልቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ተዘግቷል። ፊት ለፊቱ አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ቆማለች፤ የመግቢያውን ወረቀት አሳዩዋት። ወረቀቱን ሳትቀበል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተዘግቷል አባባ» አለች በሹክሹክታ። «የመጀመሪያው ሙዚቃ ሲያልቅ አስገባዎታለሁ።»

«የመጀመሪያዋ ልጄ ናት።»

«በጣም አዝናለሁ። ሥርዓት ነው። መሃል ላይ በር ከተከፈተ ይረበሻሉ።»

ሊቀመንበሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ግን ምን ብሎ ይከራከር? እያንዳንዷን ቃል ያውቃታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ነው ሲላት የኖረው። ያ ሁለት ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ላብ አጥምቆት፣ አንድ እግሩ ጫማ ሌላው እግሩ በካልሲ ብቻ እንደነበር ትዝ አለው። ያኔ ለምን ጫማ አንድ ብቻ እንዳደረገ አልጠየቀውም።

ወደ በሩ ተጠጋና ጆሮውን ለጠፈ፤ ልክ ጎሚስታው እንዳደረገው ዓይኑንም ጨፈነ። ምንም የለም። ጉንጩን አንድ ነገር ለሰለሰው። ዓይኑን ገልጦ ቢያይ በሩ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል። ምንም አይወጣበትም፣ ምንም አይገባበትም። ጥሩ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሊቀመንበሩ ስፖንጁን በጣቱ ጫን አደረገው፤ ጣቱን ሲያነሣ ጥቁር የማስቲሽ አሻራ ቀረበት። ውስጥ ልጁ ትነፋለች፤ በእሱና በእሷ መካከል ያለው አራት ጣት የማይሞላ ስፖንጅ ነው። እዚያው ቆሞ ስድስት ደቂቃዋ እስኪያልቅ ጠበቀ። አንዲት ነጥብ ድምፅ አልሰማም።

በሩ ሲከፈት አስተናጋጇ «አሁን ግቡ» አለቻቸው። እሱ ግን አልገባም። «ልጄ የምትወጣው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ በመኖሪያ ሕንፃዎች የተከበበ ጠባብ ግቢ አለ። ልጅቷ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ትራምፔቱ ጭኗ ላይ ነው። እናቷን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻት። ከትከሻዋ በላይ አባቷን አየችው። ኮቱ አቧራ ለብሷል፣ እጁ ጥቁር ነው።

«ሰማህ?» አለችው። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

«ሰማሁ» ቢላት ያልፍ ነበር። ሚስቱም በዓይኗ እንዲላት ትለምነዋለች። አንዲት ትንሽ ውሸት ናት፤ «ድንቅ ነበር» ብሎ ቢጨምርበት ደግሞ ሁሉ ነገር ሰላም ይሆናል።

«አልሰማሁም» አለ። «አርፍጄ በር ተዘጋብኝ። ጎማ ተበሳ፤ ተሠርቶም ነበር፤ ያረፈድኩት ግን ስፖንጅ ሳስለጥፍ ነው።»

«ስፖንጅ?»

«ጎማው እንዳይጮህ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። «ስድስት ደቂቃ ነበር የለመንኩህ።»

«አውቃለሁ። አቤቱታ ያቀረበብሽም ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ። ሦስቱም ደብዳቤ የእኔ ነው።» አንድ እርምጃ ተጠጋት። «እዚሁ ንፊልኝ።»

«እዚህ? ሰው የሚኖርበት ግቢ እኮ ነው።»

«ንፊልኝ።»

እናቷን አየች። ከዚያ ከልማዷ የተነሣ እጇን የትራምፔቱ ማኅደር ውስጥ ከትታ አንድ ነገር አወጣችና የትራምፔቱ አፍ ላይ መጠቅጠቅ ጀመረች። ሊቀመንበሩ አወቀው። የራሱ ካልሲ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፣ ሦስት ቦታ ተጥፏል። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ይዛው ዞራለች። ተራመደና ካልሲውን በጥቁር እጁ ስቦ አወጣው፤ ኪሱም ውስጥ ከተተው።

ልጅቷ ነፋች።

ሊቀመንበሩ ስለ ሙዚቃ ምንም አያውቅም፤ እንዴት እንደነፋች ቢጠየቅ ሊናገር አይችልም። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በኃይል ተከፈተ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ መላጣ ሽማግሌም ጣቱን ቀስሮ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ሰው ያርፋል እኮ እዚህ! ይህ ሕንፃ ኮሚቴ አለው!»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየው። ያንን ድምፅ፣ ያንን መነጽር፣ ያንን ጣት በደንብ ያውቃቸዋል። የአንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ፣ ከተወለደ ጀምሮ ጮሆ በማያውቀው ጩኸት ጮኸ።

«ልጄ ናት! አቤቱታህን በጽሑፍ አቅርብ!»

ሽማግሌው መስኮቱን አልዘጋም። ልጅቷም መንፋቷን አላቋረጠችም።